ጥያቄና መልስ፦ የገነተ ልዑል ቤትና ነዋሪዎቹ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ የጸሐፊዎቻቸው ዕድሜና ሥራ ቢለያይም፣ ስለ ድሮ መሪዎችና መኳንንት መኖሪያ ቤቶች የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱ በቀጥታ ስለ ስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አራተኛው ደግሞ ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ስለሚገኝ አንድ አሮጌ የመኳንንት ቤት ስለሚያነሣ፣ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ስናይ፣ ከአጠገባችን ይጎበኙ የነበሩ ሰዎች «ይህን ቤት የሠራው እኮ ጣሊያን ነው» ሲባባሉ ልጆቹ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ክርክሩ አልበረደም፤ ግማሾቹ የንጉሡ ቤት ነው ሲሉ፣ ግማሾቹ ቅኝ ገዥ የሠራው ቤት ነው ይላሉ። ለመሆኑ ቤቱን ማን አሠራው? እነማንስ ኖሩበት? (መምህር፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ቤቱ የጣሊያን ሥራ አይደለም። ገነተ ልዑል የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከመያዙ በፊት፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ እንዲሆን የተሠራ ነው። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ዋና ሥራ የሚካሄደው፣ ታላላቁ ግብር የሚበላውም ዐፄ ምኒልክ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ነበር፤ የስድስት ኪሎው ቤት ግን ይበልጡን የንጉሠ ነገሥቱና የቤተ ሰባቸው ማደሪያ ነበር። ጣሊያኖቹም ከገቡ በኋላ የምኒልክን «ትልቁ ግቢ»፣ ይህኛውን ደግሞ «ትንሹ ግቢ» ብለው ይጠሩት እንደነበር ስናይ፣ የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ለእነሱም ግልጽ እንደነበር እንረዳለን።

ሰው ቤቱን «የጣሊያን» ማለቱ ግን ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። የፊት ገጹ አውሮፓዊ መልክ አለው፤ በዚያ ላይ ወራሪዎቹ ገብተው ተቀምጠውበታል፤ ደጁ ላይም የራሳቸውን ምልክት ትተው ሄደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አውሮፓዊ መልክ ያለው አሮጌ ቤት ሁሉ፣ ማንም ያሠራው ማን፣ ለጣሊያን ሲሰጥ መስማት የተለመደ ሆኗል። እውነቱ ግን ከወረራው በፊት በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ህንዳውያን፣ አርመናውያንና ግሪካውያን ግንበኞችና አናጢዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው በከተማዋ ብዙ የድንጋይና የእንጨት ቤት ሠርተው እንደነበር ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለእንግዳ በሩን የከፈተው ከወረራው ሠላሳ ዓመት ገደማ አስቀድሞ መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው፣ የክርክሩ ግማሽ እዚያው ላይ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ወደ ነዋሪዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ቤቱ ባለቤት አጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ማርሻል ባዶልዮ ጦሩን ይዞ ከተማዋ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቦታውን ለሮዶልፎ ግራዚያኒ ለቀቀ። ገነተ ልዑልም የኢንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት አድርጎ በዚሁ ግቢ ለአዲስ አበባ ድኾች ምጽዋት እንዲሰጥ ባዘዘበት ዕለት፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከተሰበሰበው ሰው መካከል ሆነው የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ መጀመሪያ የተኮሱት እዚያው ግቢ ውስጥ ምጽዋት ሊቀበሉ በመጡት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ላይ ነው፤ ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ሚሊሻዎች ወደ ከተማው ወጥተው ለሦስት ቀን ሰው ሲገድሉና ቤት ከነነዋሪው ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው አሃዝ መሠረት የሟቾቹ ቁጥር 30,000 ነበር። ተማሪዎችዎ ከግቢው ወጥተው አደባባዩ ላይ የሚያዩት፣ ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩት የየካቲት 12 ሐውልት፣ የቆመው ለእነዚሁ ሰማዕታት ነው። ይህን ሐውልትና ቤቱን ለየብቻ ማስጎብኘት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን አንዱ ያለ ሌላው ትርጉሙ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ቤት ደጃፍ ነው።

ግራዚያኒ በ1930 ዓ.ም. ተነሥቶ በቦታው የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ ተተካ፤ እርሱም በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጥቶ፣ በምርኮ እንዳለ ናይሮቢ ሞተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የተመለሱት ከተማዋ በተያዘችበት ቀን፣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ወደዚሁ ቤት ገብተው ሃያ ዓመት ያህል ኖሩበት።

ከቤቱ ያስወጣቸው ደግሞ የውጭ ጠላት አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮችንና መኳንንትን አስጠርተው በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ አገቷቸው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የታመነው ጦር ከበባውን አጥብቆ ነገሩ እንዳበቃ ሲታወቅም ታጋቾቹ ላይ ተኮሱባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከሞቱት መካከል ናቸው። ራስ አበበ አምስቱን የወረራ ዓመታት በሸዋ ጫካ ግራዚያኒንና ተተኪውን ሲዋጉ የኖሩ አርበኛ ነበሩ፤ የጣሊያን ጥይት ያልነካቸው ሰው የኢንደራሴው መቀመጫ በነበረ ቤት ውስጥ በወገን ጥይት ወደቁ። ይህን ለተማሪዎች ሲያስረዱ መምህሩ ራሱ ዝም ለማለት ቢገደድ አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያቸውን ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አዛውረው፣ ገነተ ልዑልን ከነግቢው ለከፍተኛ ትምህርት ሰጡ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመርቆ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ውሎ አድሮ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን እዚያው ቤት ውስጥ አደራጀ።

ስለዚህ ቤቱን ቅኝ ገዥ ካሠራቸው ቤቶች ጋር መመደብ አይቻልም፤ በወረራው ያልተነካ የንጉሥ ቤት አድርጎ ማቅረብም እንዲሁ ልክ አይሆንም። አምስቱ ዓመታት ከቤቱ ዕድሜ ጥቂቱ ቢሆኑም፣ በደም ከባዶቹ ናቸው። ሁለቱም የተማሪዎችዎ ወገኖች የጨበጡት ነገር አለ፤ በዕለቱ ማንን ማረም እንዳለብዎ ግን ግልጽ ነው፦ «የሠራው ጣሊያን ነው» ያሉትን።

ጥያቄ፦ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወዴትም የማያወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ሙሶሎኒ ሥልጣን የያዘበትን ዘመን ለመቁጠር የተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልፈረሰም? በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ቅር ይለኛል። (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ፋሺስቶች በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሮም ዘምተው ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ የራሳቸውን የዘመን ቁጥር ያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ በደብዳቤያቸው ግርጌና በሕንፃቸው ግንባር ላይ ይህንኑ ቁጥር ይጽፉ ነበር። የገነተ ልዑሉ ደረጃም የዚሁ ልማድ ውላጅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሎኒን አገዛዝ አንድ አንድ ዓመት እንዲወክል ታስቦ ተሠራ። የተሠራበት ሥፍራ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። የተሸነፈ የመሰላቸውን ንጉሥ ደጃፍ መርጠው ነው የራሳቸውን ዘመን በሲሚንቶ የተከሉት፤ እርከን እየጨመሩ እንደሚሄዱም ሳያምኑ አልቀሩም።

ቅር መሰኘትዎ የሚገባ ነው። ቢሆንም አለመፍረሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቀና ብለው ካዩ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦበታል። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት ጥቂት ሠራተኛና መዶሻ ቢያዝ ደረጃው በአንድ ቀን ይፈርስ ነበር። ያን ትቶ አንበሳውን በላዩ አስቀመጠ፤ የፋሺስቱን የዘመን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት ዓርማ መቆሚያ አደረገው። በቅኔ ለለመደ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይደለም፤ ሰሙ ደረጃ ነው፣ ወርቁ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ጣሊያኖቹ ራሳቸው የሠሩትን ያስታውሱ። የዳግማዊ ምኒልክን የፈረስ ሐውልት ከአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ ነቅለው ቀበሩት፤ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳና የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም አጋዙ። የምኒልክ ሐውልት ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አንበሳው በ1960ዎቹ አካባቢ ሲመጣ፣ የአክሱሙ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። የሌላውን መታሰቢያ ከዓይን ማጥፋት የእነሱ ዘዴ ነበር። እኛ የእነሱን ትተን በላዩ የራሳችንን ማስቀመጣችን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የተሻለ ፍርድ ይመስለኛል፤ ለነገሩ የተሻለ ማስረጃም ነው፤ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚል ሰው ቢመጣ ደረጃው ቆሞ ይመሰክርበታል።

ከሐሳብዎ አንዱን ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ደረጃው ያለ አስረጂ ራሱን አያስረዳም። ታሪኩን ያልሰማ ጎብኚ የሚያየው የተረሳ የግንባታ ቁራጭና አንድ ትንሽ አንበሳ ብቻ ነው። እርስዎ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉ እንደመሆንዎ፣ ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው ታሪኩን በአማርኛ የሚገልጽ ጥሩ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ለሙዚየሙ ብታቀርቡ፣ ከቅሬታው የሚበልጥ ሥራ ትሠራላችሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የገነተ ልዑልን አጥር ከውጭ እንጂ ውስጡን አይተው አያውቁም። የጃንሆይ መኝታ ክፍል አሁንም አለ ሲባል ሰምተው እንድወስዳቸው ይጎተጉቱኛል። ብንሄድ ምን እናያለን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መኝታ ክፍሉ አለ፤ ከመታጠቢያ ክፍሉና ከልብስ መልበሻው ጋር ተጠብቆ በሙዚየሙ ይታያል። መስተዋቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ለአባትዎ ማሳየትዎን አይርሱ፤ የታኅሣሡ ግርግር ምልክት ነው፤ ያን ጊዜ በዕድሜ የደረሱ ከነበሩ ታሪኩን ከማንም አስጎብኚ አስበልጠው ሊነግሩዎት ይችላሉ። የቀረው የሙዚየሙ ክፍል ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ አገሪቱ ሕዝቦች ነው፤ ዕቃዎቹ የተደረደሩት በክልል ወይም በብሔረሰብ ተለይተው ሳይሆን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ያስቡ፦ ቤቱ ፎቅ ስለሆነ ደረጃ መውጣት አለ፤ ግቢው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሆነ ደግሞ የሁለታችሁንም መታወቂያ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በፒያሳና በራስ መኮንን ድልድይ መካከል፣ ድሮ የአንድ ደጃዝማች መኖሪያ በነበረ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ለብዙ አባወራ ተከፋፍሎ የእኛ ድርሻ የበረንዳው ወገን ሆነ። ግድግዳው ከሥሩ እየረጠበ ይፈረፈራል። አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ልለስነው ይለኛል፤ ጎረቤቶቼ ቅርስ ስለሆነ መንካት ክልክል ነው ይላሉ፤ አቤት ያልኩበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰኛል። ገነተ ልዑል እንዲያ ተጠብቆ የእኛ ለምን ይፈርሳል? እኔስ ምን ላድርግ? (የቤት እመቤት)

መልስ፦ እሜቴ፣ ከሚያስጨንቅዎ ልጀምርና ወደ «ለምን» እመለሳለሁ። በሲሚንቶ እንዳያስለስኑት። የእርስዎ ዓይነት ቤት ብዙውን ጊዜ ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ፣ ላዩ በእንጨትና ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ መልሶም በገጹ ያተናል። ሲሚንቶ ይህን መተንፈሻ ይደፍንበታል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይም ማገሩና ምሰሶው ውስጥ ተቀምጦ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ምስጥም የሚወደው ይህንኑ ነው። ልስኑ ለአንድ ሁለት ክረምት አምሮ ይታይና፣ ከዚያ የጭቃውን ገጽ ይዞ በጅምላ ይረግፋል። ግንበኛዎ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተማሩት በብሎኬት ቤት ላይ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው የውኃው መምጫ ነው። የቆርቆሮው አሸንዳ ተቀዶ ወይም ደፍኖ ውኃውን ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ እሱን ማስጠገን፤ ባለፉት ዓመታት በአፈርና በፍርስራሽ መሬቱ ከፍ ብሎ የድንጋዩን መሠረት አልፎ ጭቃውን ነክቶት ከሆነ ያን መጥረግ፤ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ ማውጣት። እነዚህ የቤቱን መልክ የማይለውጡ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር አዋጥታችሁ የምታሠሯቸው ሥራዎች ናቸው። የረጠበው ደርቆ ጥገና ሲደረግ ደግሞ ጭቃው በጭቃ፣ ኖራው በኖራ ይተካ። የበረንዳውን የእንጨት ጥልፍ ለማገዶ የሚመኝ ሰው ካለ ይከልክሉልን፤ እንደዚያ ያለውን ሥራ ዛሬ የሚሠራ አናጢ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «ለምን»። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ከነሠራዊታቸው ሠፈሩ፤ ብዙ ሠፈሮች እስከ ዛሬ በራስና በደጃዝማች ስም የሚጠሩት ከዚያ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም ዘላቂ ቤት ለመሥራት አልቸኮለም፤ ማገዶ አልቆ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ተተክሎ ማገዶው ሲገኝና በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ለከተማ ቦታ ባለቤትነት ደንብ ሲወጣ ነው መኳንንቱ ልባቸው አርፎ ፎቅና በረንዳ ያለው ቤት በብዛት ማሠራት የያዙት። የእርስዎም ቤት የዚያ ትውልድ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ትላልቅ የመኳንንት ቤቶችም በየክፍሉ እየተቆራረጡ ለብዙ ተከራይ ተከፋፈሉ። አዋጁ ቤት ለሌለው ብዙ ሰው መጠለያ አስገኝቷል፤ እርስዎም አንዷ ነዎት፤ ይህን ማቃለል አልሻም። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ተከራዩ ባለቤት ያልሆነ፣ ባለቤቱ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የማይኖር ሲሆን፣ አሸንዳ ሲቀደድ የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ገነተ ልዑል ግን በየዘመኑ አንድ ባለቤት አላጣም፤ ከንጉሥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸጋገር በጀትና ዘበኛ ተከትለውታል። ከመስቀል አደባባይ በላይ ባለው ከፍታ የሚገኘው የራስ ብሩ ቤትም የከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ጠባቂ አገኘ። በምኒልክ ግቢ ያሉት ቤቶችም ታድሰው በ2012 ዓ.ም. በአንድነት ፓርክ ለሕዝብ ተከፍተዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ኃላፊ ያላቸው ቤቶች ናቸው። በኪራይ የተከፋፈሉት ግን ከአሸንዳው ሌላ የሚያሰጋቸውም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ አካባቢ እንዴት እንደተነሣ ከደጅዎ ሆነው ያዩት ነው።

ስለ ሕጉ፣ ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መንካት በጠቅላላው አይከለክልም፤ የጥገናና የእድሳት ሥራ የሚሠራው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው ይላል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነም መንግሥት በከፊል ሊሸፍን የሚችልበትን መንገድ አስቀምጧል። የእርስዎ ቤት ባለቤት ራሱ መንግሥት ስለሆነ፣ ዋናውን ጥገና በራስዎ ገንዘብ ማስጀመር አይጠበቅብዎትም፤ ደግሞም አያዋጣዎትም፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ኋላ በተከራዩ ላይ ጥፋት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

የሚቀድመው ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ከከተማው የባህል ቢሮ ማረጋገጥ ነው። ካልተመዘገበ የምዝገባ ጥያቄ፣ ከተመዘገበ የጥገና ጥያቄ ያቅርቡ። በቃል አይሂዱ፤ ማመልከቻው የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁሉም አባወራ ፊርማ ይኑርበት፤ የተፈረፈረው ግድግዳ፣ የአሸንዳውና የበረንዳው ፎቶግራፍ ከነተነሣበት ቀን ይያያዝ፤ አንዱ ቅጂ ለወረዳው የቤቶች አስተዳደር፣ አንዱ ለባህል ቢሮው ገቢ ሆኖ፣ በሦስተኛው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው ቤትዎ ያስቀምጡ። በሠፈሩ የቆዩ አዛውንት ስለ ደጃዝማቹና ስለ ቤቱ አሠራር የሚያውቁትን ነገር በጽሑፍ አስፍረው ቢያያይዙት ለምዝገባው ይረዳል። ክረምቱ ሳይገባ ግን አሸንዳውን ያስጠግኑ፤ እሱ ማመልከቻ አይጠብቅም።